ባቄላ ከአየር ላይ ማዳበሪያ እንዴት ያገኛል?

እንቆቅልህ! ምን አውቅልህ?

በማሳችሁ ላይ ሌት ተቀን ተከምሮ ያድራል። ክብደት አለው፣ ግን አይታይም። ሌባ አይሰርቀውም፣ ነቀዝ አይበላውም፣ ዋጋም አይጠየቅበትም። ጤፉ በመካከሉ ቆሞ በረሃብ ይቀጥናል፤ ባቄላው ግን ከእርሱ እየተመገበ ይፋፋል። ምንድን ነው?

አገር ከመስጠታችሁ በፊት ትንሽ አስቡ። መልሱ አየር ነው።

“አየር ደግሞ ምን ማዳበሪያ አለው?” ትሉ ይሆናል። ነገሩ ግን እውነት ነው። ዛሬ የምንጽፍላችሁ ስለዚሁ ነው። አንብባችሁ ስትጨርሱ ወደ ማሳ ወርዳችሁ በገዛ እጃችሁ ልታረጋግጡት ትችላላችሁ።

ገበሬው ቀድሞ ያወቀው ነገር

ባቄላ ወይም አተር በነበረበት መሬት ላይ በሚቀጥለው ዓመት ስንዴ ወይም ገብስ ቢዘራ ያምራል። ይህን ለገበሬ መንገር አያስፈልግም። አባቶቻችንና እናቶቻችን ፊደል ሳይቆጥሩ ያውቁት ነበር። መሬት የደከመ ሲመስላቸው ጥራጥሬ ይዘሩበታል።

በሌላ አገርም እንዲሁ ነው። ከ2,300 ዓመት ገደማ በፊት ቴዎፍራስጦስ የተባለ የግሪክ ሊቅ ስለ ዕፅዋት ጽፎ ነበር። በመቄዶንያና በቴሳሊ የሚኖሩ ገበሬዎች ባቄላ ሲያብብ ገልብጠው እንደሚያርሱት፣ መሬቱም በዚህ እንደሚበረታ መዝግቦታል።

እንግዲህ ገበሬው ባቄላ መሬት እንደሚያበረታ ካወቀ ብዙ ሺህ ዓመት ሆኖታል። “ለምን?” ለሚለው ጥያቄ መልስ የተገኘው ግን ገና ከ140 ዓመት ያልበለጠ ጊዜ ነው። የመልሱ ግማሽ ከራሳችን በላይ፣ ግማሹ ደግሞ ከእግራችን ሥር ነው ያለው።

አየር እንደ ሠርገኛ ጤፍ ነው

አየር አንድ ነገር ብቻ ይመስለናል። ነገር ግን እንደ ሠርገኛ ጤፍ የተደባለቀ ነው። 100 ቁና አየር ሰፍረን መለየት ብንችል 78ቱ ቁና ናይትሮጅን ይሆናል። 21ዱ ቁና ኦክሲጅን ነው። የቀረው አንድ ቁና የሌሎች ልዩ ልዩ ነገሮች ድብልቅ ነው።

ኦክሲጅን ስንተነፍስ በሕይወት የሚያቆየን፣ እሳትንም የሚያነድ ነው። ናይትሮጅንስ? ስንተነፍስ ይገባል፣ እንደገባም ይወጣል። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም። በ1772 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በስኮትላንድ አገር ዳንኤል ራዘርፎርድ የሚባል ሐኪም ናይትሮጅንን ለይቶ አወቀው። ሻማ በውስጡ ይጠፋል፤ አይጥም በውስጡ አትኖርም። ስለዚህ ብዙ ሰው “የማይረባ አየር ነው” ብሎ አስቦ ነበር።

አየር ክብደት እንዳለውም እንወቅ። የማይሰማን ከላይም ከታችም ከጎንም እኩል ስለሚጫነን ነው። በደጋ አገር በአንድ ሄክታር መሬት ላይ እስከ ሰማይ ጥግ ያለውን አየር ብንመዝነው ናይትሮጅኑ ብቻ ከ50,000 ቶን ይበልጣል። አንድ ቶን 10 ኩንታል ነው። እንግዲህ ከ500,000 ኩንታል በላይ ሆነ ማለት ነው። ሄክታሩን ለአራት ብናካፍለው፣ ሩብ ሄክታር ያለችው ገበሬ እንኳ ከራሷ በላይ ከ125,000 ኩንታል የሚበልጥ ናይትሮጅን አላት።

ይህን ያህል ካለ ለምን እንገዛለን?

ማዳበሪያ ቤት ሄደን ዩሪያ ስንገዛ የምንገዛው ይህንኑ ናይትሮጅን ነው። ባለ 50 ኪሎው የዩሪያ ከረጢት ውስጥ 23 ኪሎ ናይትሮጅን አለ። ተክል ያለ ናይትሮጅን አይሆንለትም። ቅጠል የሚለመልመው፣ ግንድ የሚወፍረው፣ ፍሬ የሚሞላው በእርሱ ነው። ናይትሮጅን ያነሰው ስንዴ በመጀመሪያ ከታች ያሉት ቅጠሎቹ ቢጫ ይሆናሉ። ያለችውን ናይትሮጅን ከአሮጌው ቅጠል ነቅሎ ለአዲሱ ቅጠል ስለሚሰጥ ነው። እናት ለልጇ ስትል ጾሟን እንደምታድር ዓይነት ነው።

ታዲያ ስንዴው በናይትሮጅን ባሕር ውስጥ ቆሞ ለምን ይራባል?

ምክንያቱ ይህ ነው። በአየር ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ብቻውን አይሄድም። ሁለት ሁለት ሆኖ እንደ በሬ ተጠምዷል። በሬ የሚጠመደው በአንድ ቀንበር ነው፤ ማታ ይፈታል። የናይትሮጅን ጥንድ ግን በሦስት ቀንበር እንደተጠመደ ያህል ጠንክሮ ተይዟል። ጤፍ ሊፈታው አይችልም። ስንዴም፣ በቆሎም፣ ማሽላም፣ ሰውም ከብትም ሊፈቱት አይችሉም። ጎተራው ሙሉ ነው፣ ቁልፉ ግን ጠፍቷል።

ቁልፉ በማን እጅ ነው? ይህን ለማወቅ ሊቃውንት ብዙ ደክመዋል።

በአሸዋ የተዘራው አተር

ቡሲንጎ የሚባል የፈረንሳይ ሊቅ በ1838 አንድ ነገር አስተዋለ። የሚያመርተውንና ለመሬቱ የሚሰጠውን በሚዛን እየመዘነ ይጽፍ ነበር። ስንዴ ናይትሮጅን አይጨምርም። አተር ግን ከመሬቱ ካገኘው በላይ ናይትሮጅን ይዞ ይገኛል። ከየት አመጣው? ይህን አላወቀም።

መልሱ የተገኘው በጀርመን አገር ነው። ሄርማን ሄልሪጌል የሚባል ሊቅ ነበር። ያገኘውን ለሊቃውንት ጉባኤ የገለጸው በ1886 ነው። ያን ዓመት በእኛ አገር አዲስ አበባ የተቆረቆረችበት ዘመን ነበር።

ሄልሪጌል ያደረገው ቀላል ነገር ነው። ናይትሮጅን ምንም የሌለበት ንጹሕ አሸዋ በማሰሮ በማሰሮ አደረገ። በአንዳንዱ አጃ፣ በአንዳንዱ አተር ዘራ። አጃው ባለው አቅም በቀለና በረሃብ ቀረ። አተሩ ግን ግራ አጋባው። አንዱ አተር ይደርቃል፣ ከጎኑ ያለው ደግሞ እንደ ሰባ መሬት ተክል ይለመልማል። አሸዋው አንድ፣ ውሃው አንድ፣ ዘሩ አንድ ነው። ልዩነቱ ምንድን ነው?

ሄልሪጌል አተሮቹን ነቅሎ ሥራቸውን አየ። በለመለመው አተር ሥር ላይ ትናንሽ ቋጠሮዎች አሉ። በደረቀው ሥር ላይ የሉም።

ከዚያም ሌላ ሙከራ አደረገ። ከእርሻ አፈር ጥቂት አምጥቶ በውሃ በጠበጠ። ውሃውን በአሸዋው ላይ ትንሽ ጠብ አደረገ። አተሮቹ ሁሉ ቋጠሮ አወጡ፣ ሁሉም ለመለሙ። ቀጥሎ ያንኑ የአፈር ውሃ አፍልቶ አፈሰሰላቸው። በዚህ ጊዜ ቋጠሮ የለም፣ ልምላሜም የለም።

እስቲ እናንተም አስቡት። ሲፈላ ኃይሉ የሚጠፋ ነገር ምን ዓይነት ነገር ነው? ሕይወት ያለው ነገር ነዋ! ማፍላት የሚገድለው ሕይወት ያለውን ነው። ስለዚህ በዚያ አፈር ውስጥ ዓይን የማያየው ሕይወት ያለው ፍጡር አለ ማለት ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1888፣ ቤይሪንክ የሚባል የሆላንድ ሊቅ ያንን ፍጡር ከቋጠሮው አውጥቶ ለብቻው አራባው። ባክቴሪያ ነው። ባክቴሪያ በጣም ትንሽ ስለሆነ በማይክሮስኮፕ፣ ማለት ትንሹን አጉልቶ በሚያሳይ መሣሪያ ካልሆነ አይታይም። ከ500 እስከ 1,000 የሚሆኑት ተሰልፈው ቢቆሙ ርዝመታቸው አንድ ሚሊሜትር ቢሆን ነው።

ባክቴሪያ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በሽታ ነው። በሽታ የሚያመጡ አሉ። ነገር ግን ብዙዎቹ አይጎዱንም፤ እንዲያውም የሚጠቅሙን አሉ። ይህ የባቄላ ባክቴሪያ ከሚጠቅሙት አንዱ ነው። የናይትሮጅኑ ጎተራ ቁልፍ ያለው በእርሱ እጅ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደተባለው፣ ብዛታቸው ኃይል ሆኗቸዋል።

ባቄላና ባክቴሪያ የሚገቡት ውል

ባክቴሪያው ብቻውን በአፈር ውስጥ ሲኖር ናይትሮጅኑን አይፈታም። ሥራው ከባድ ነው፣ ብዙ ጉልበት ይጠይቃል። ጉልበት የሚሆነው ምግብ ደግሞ ያለው በባቄላው ዘንድ ነው። ባቄላው በቅጠሉ ከፀሐይ ብርሃን ስኳር ይሠራል። ናይትሮጅን ግን የለውም። እንግዲህ አንዱ ያለው ሌላው የሌለው ስለሆነ ይዋዋላሉ።

ውሉ እንዲህ ነው።

መጀመሪያ ባቄላው በሥሩ በኩል ልዩ ቅመም ወደ አፈሩ ያንጠባጥባል። ባክቴሪያው ያንን ለይቶ ያውቃል። እርሱም በበኩሉ የራሱን ቅመም ይለቃል። “አለሁ” እንደ ማለት ነው። የሥሩ ቀጭን ፀጉር ይህን ሲያገኝ እንደ ማጭድ ይቆለመማል፣ ባክቴሪያውንም ያቅፈዋል። ከዚያ ሥሩ ወደ ውስጥ የሚያስገባ ጠባብ መንገድ ይሠራለታል። ባክቴሪያው በዚያ ገብቶ ይራባል። ሥሩም ቤት ይሠራለታል። ያ ቤት ነው ቋጠሮው።

ባቄላው ስኳር ይቀልባል። ባክቴሪያው ከአየር የገባውን ናይትሮጅን ከቀንበሩ ፈትቶ ተክሉ ሊበላው በሚችል መልክ ይሰጣል። ባቄላው በዚህ ቅጠሉን ያለመልማል፣ ፍሬውን ይሞላል።

ከዚህም የሚገርም አለ። ባቄላና ዘመዶቹ ሰነፍ ሠራተኛ አይወዱም። በ2003 በአሜሪካ በካሊፎርኒያ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ይህን በአኩሪ አተር ላይ ፈትነውታል። ባክቴሪያዎቹ ናይትሮጅን እንዳያገኙ፣ ስለዚህም ምንም እንዳይሰጡ አደረጓቸው። አኩሪ አተሩ ምን አደረገ? በእነዚያ ቋጠሮዎች ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን ቀነሰባቸው። ባክቴሪያዎቹም እንደ ሠራተኞቹ ሊራቡ አልቻሉም። የማይሠራ አይብላ ማለቱ ነው።

በሥር ውስጥ ያለው ቀይ ነገር

በደንብ የሚሠራ ቋጠሮ በጥፍር ቢሰነጠቅ ውስጡ ቀይ ወይም ሮዝ ነው። ደም ይመስላል። መምሰል ብቻም አይደለም። የሰውን ደም ቀይ የሚያደርገው ሄሞግሎቢን የሚባል ነገር ነው። ኩቦ የሚባል የጃፓን ሊቅ በ1939 የቋጠሮውን ቀይ ነገር መርምሮ የሄሞግሎቢን ዘመድ መሆኑን አገኘ። ደም የሌለው ተክል የደም ዘመድ ይዞ ተገኘ!

ለምን ይጠቅመዋል? ባክቴሪያው ናይትሮጅኑን የሚፈታበት መሣሪያ ኦክሲጅን ከነካው ይበላሻል። ነገር ግን ባክቴሪያው ለመተንፈስ ኦክሲጅን ያስፈልገዋል። ቢበዛ መሣሪያው ይበላሻል፣ ቢጠፋ ሠራተኛው ይሞታል። ቀዩ ነገር ኦክሲጅኑን ይዞ በልክ በልክ እየሰፈረ ይሰጠዋል። ጎበዝ ባለቤት ጤፉን እስከ አዲስ እህል ለማድረስ በስፍር እንደምታወጣው ማለት ነው።

ስለዚህ ቀዩ ቀለም ምልክት ነው። ቀይ ካያችሁ ፋብሪካው እየሠራ ነው።

የሰው ፋብሪካና የባቄላ ፋብሪካ

የሰው ልጅም ይህን ቀንበር መፍታት ተምሯል። ፍሪትዝ ሀበር የሚባል ጀርመናዊ በ1909 ናይትሮጅንን ከአየር የሚያወጣበትን መንገድ አገኘ። ካርል ቦሽ ትልቅ ፋብሪካ እንዲሆን አደረገው። በ1913 ኦፓው በሚባል ቦታ ሥራ ጀመረ። ዛሬ የምንገዛው ዩሪያ መነሻው ይኸው ሥራ ነው።

ግን ምን ያህል ድካም እንዳለው ተመልከቱ። ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ገደማ ነው። ፋብሪካው ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል። አየሩን ከተራው አየር 200 ጊዜ ያህል አጥብቆ መጫን አለበት። ለዚህ ሁሉ አብዛኛው ፋብሪካ የተፈጥሮ ጋዝ ይጠቀማል። በ2022 የጋዝ ዋጋ በዓለም ላይ ሲንር የማዳበሪያም ዋጋ አብሮ የናረው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ያ ጭማሪ ባሕር ተሻግሮ እስከ ገበሬው ኪስ ደርሷል።

ባቄላው ግን በክረምት ብርድ፣ በእርጥብ አፈር ውስጥ፣ ያለ ጋዝ፣ ያለ ጭስ፣ ያለ ድምፅ ይሠራዋል።

ዩሪያ አይጠቅምም ማለታችን አይደለም። ጤፍና በቆሎ ቁልፉ የላቸውም፤ ከማዳበሪያ ወይም ከፍግ ማግኘት አለባቸው። እኛ የምንለው፣ በነጻ የሚሠራ ፋብሪካ በማሳችን ካለ እንዲሠራ እንርዳው ነው።

መብረቅም ትንሽ ያግዛል። መብረቅ ሲመታ ሙቀቱ ከፍተኛ ስለሆነ የናይትሮጅኑን ጥንድ ይለያየዋል። ያም በዝናብ ታጥቦ ወደ መሬት ይወርዳል። ነገር ግን መጠኑ ትንሽ ነው፤ ከባቄላ ጋር አይወዳደርም። አንዳንድ ዛፎችም የባቄላ ወገን ናቸው። በኦሮምኛ ገርቢ፣ በትግርኛ ሞሞና የሚባለው ግራር አንዱ ነው። ይህ ግራር ሌላው ዛፍ ሲለመልም በክረምት ቅጠሉን ያራግፋል። ስለዚህ በሥሩ ያለው እህል ፀሐይ አይከለከልም፣ የረገፈውም ቅጠል ፍግ ይሆነዋል። በማሳ መካከል ሳይቆርጡ የሚተዉት ገበሬዎች ብልሆች ናቸው።

ሒሳቡን እንሥራ

አሁን ቁጥር ለምደናልና ሒሳብ እንሥራ።

ደህና የያዘ ባቄላ እንደ መሬቱና እንደ ዝናቡ በሄክታር ከ50 እስከ 200 ኪሎ ናይትሮጅን ከአየር ያመጣል። 100 ኪሎ አመጣ እንበል። አንድ ከረጢት ዩሪያ 23 ኪሎ አለው ብለናል። 100ን ለ23 ስናካፍል ከአራት ከረጢት በላይ ይሆናል።

ይህ ሁሉ ግን መሬት ውስጥ አይቀርም። አንድ ኩንታል የባቄላ ፍሬ 4 ኪሎ ያህል ናይትሮጅን ይዞ ይሄዳል። ከአንድ ሄክታር 20 ኩንታል ባቄላ ብንሰበስብ፣ 20 ጊዜ 4፣ 80 ኪሎ ናይትሮጅን ከማሳው ወደ ጎተራ ገባ ማለት ነው። ይህ ኪሣራ አይደለም፤ ምግባችን ነው። ባቄላ ከ100 እጅ 25 ያህሉ ፕሮቲን ነው፤ ጤፍ ግን 10 ገደማ ነው። ፕሮቲን ሰውነት የሚገነባ ምግብ ነው፣ ያለ ናይትሮጅንም አይሠራም። በጾም የምንበላው ሽሮ ጉልበት የሚሆነን ለዚህ ነው። በሕፃኑ ክንድ ላይ ያለው ሥጋ አንዳንዱ ትናንት አየር ነበር።

ለሚቀጥለው ዓመት ስንዴ የሚቀረው እንግዲህ በሥሩ፣ በገለባውና በረገፈው ቅጠል ውስጥ ያለው ነው። ከዚህም ሌላ ባቄላው ከአየር ስለበላ የመሬቱን ናይትሮጅን እንደ ስንዴ አልጨረሰውም። የስንዴ በሽታም በባቄላ ዓመት የሚያድርበት አጥቶ ይቀንሳል። በማፈራረቅ የሚገኘው ጥቅም ከእነዚህ ሁሉ ተደምሮ ነው።

ጥቅሙን የምናባክነው ግን እኛው ነን። ባቄላውን ከነሥሩ ነቅለን ወደ አውድማ እንወስዳለን። ገለባውን ከብት ይበላዋል። ከብቱ የጣለውን እበት ኩበት አድርገን እናነደዋለን። እሳት ናይትሮጅኑን ወደ አየር ይመልሰዋል። ባክቴሪያው ክረምቱን ሙሉ ደክሞ ያወረደው በአንድ ምጣድ እንጀራ ጭስ ሆኖ ይሄዳል። ማገዶ ለሌለው ሰው ኩበት አታንድድ ማለት ቀላል እንዳልሆነ እናውቃለን። ሆኖም የሚቻለውን እናድርግ። ባቄላውን በማጭድ ብናጭደው ሥሩ በመሬት ይቀራል። ከብት ያስተረፈውን ገለባና የበረቱን ጥራጊ ከአመድ ጋር በጉድጓድ አብስብሰን ወደ ማሳው ብንመልሰው ትርፉ የእኛ ነው።

ውሉ የሚፈርሰው መቼ ነው?

ባቄላ ተዘራ ማለት ሁልጊዜ ቋጠሮ ይይዛል ማለት አይደለም። ውሉ የሚፈርስባቸው ምክንያቶች አሉ።

አንደኛ፣ የመሬት መኮምጠጥ። በጎጃም፣ በወለጋና በሌሎችም ብዙ ዝናብ በሚዘንብባቸው ደጋ ቦታዎች አፈሩ አሲድ ሆኗል፤ ኮምጥጧል ይባላል። በኮመጠጠ አፈር ባክቴሪያው ይደክማል፣ ሥሩም አይዘረጋም። መድኃኒቱ የእርሻ ኖራ ነው። ምን ያህል ኖራ እንደሚበቃ በአፈር ምርመራ ይታወቃል። ስለዚህ የግብርና ባለሙያውን ጠይቁ።

ሁለተኛ፣ ውሃ የሚተኛበት መሬት። ባክቴሪያው የሚሠራበት ናይትሮጅንም፣ የሚተነፍሰው ኦክሲጅንም የሚገኘው በአፈሩ መካከል ካለው አየር ነው። በዋልካ መሬት ውሃ ሲተኛ አየሩ ይወጣል፤ ሥራውም ይቆማል። ውሃውን በቦይ ማጠንፈፍ ነው።

ሦስተኛ፣ የፎስፈረስ ማነስ። ፎስፈረስ ከአየር አይገኝም፤ ከአፈር ወይም ከማዳበሪያ ብቻ ነው። እርሱ ከሌለ ቋጠሮው አያድግም።

አራተኛ፣ ዩሪያ ማብዛት። ባቄላው ናይትሮጅን በነጻ ሥሩ ላይ ተከምሮ ካገኘ ባክቴሪያውን አይቀልብም፣ ቤትም አይሠራለትም። ለባቄላ ብዙ ዩሪያ የሚያደርግ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ነጻውን ሠራተኛ ያባርራል።

አምስተኛ፣ ትክክለኛው ባክቴሪያ በአፈሩ ውስጥ አለመኖር። ባክቴሪያ ሁሉ ለሁሉ አይሆንም። የባቄላ፣ የአተር፣ የምስርና የጓያ አንድ ነው። ሽንብራ ሌላ ይፈልጋል። ቦሎቄ ሌላ፣ አኩሪ አተርም ሌላ ይፈልጋል። አኩሪ አተር ተዘርቶበት በማያውቅ መሬት ላይ ቢዘራ ብዙ ጊዜ ቋጠሮ ሳይዝ የሚቀረው ለዚህ ነው።

ለዚህም መፍትሔ ተገኝቷል። ጀርመኖች በ1896 ባክቴሪያውን አራብተው መሸጥ ጀምረው ነበር። ዛሬ በአገራችንም ይዘጋጃል፤ ሕያው ማዳበሪያ ይባላል። ጥቁር ዱቄት መስሎ በከረጢት ይመጣል። ዘሩን በትንሹ አርሶ ከእርሱ ጋር አሽቶ መዝራት ነው። ስሙ እንደሚለው ሕይወት ያለው ነው። ፀሐይ ላይ ቢሰጣ ይሞታል። ከማዳበሪያ ወይም ከተባይ መድኃኒት ጋር ቢቀላቀል ይሞታል። በጥላ አሽታችሁ በዚያው ቀን ዝሩትና ወዲያው አፈር አልብሱት። ስትገዙም ለየትኛው እህል እንደሆነና እስከ መቼ እንደሚያገለግል በከረጢቱ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። የአኩሪ አተሩ ለባቄላ አይሆንም። ማንበብ መቻል እዚህ ላይ ገንዘብ ያድናል።

እስቲ ራሳችሁ እዩት

ከሰማነው ያየነው ይበልጣል። እንዲህ አድርጉ።

1. ባቄላው ማበብ ሲጀምር ወደ ማሳ ውረዱ። ከአንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን ከአምስት ቦታ አንድ አንድ እግር ምረጡ።

2. ጎትታችሁ አትንቀሉት፤ ቋጠሮው አፈር ውስጥ ይቀራል። በዶማ ዙሪያውን ቆፍራችሁ ከነአፈሩ አንሱት።

3. በውሃ ቀስ አድርጋችሁ እጠቡት። እንደ ሰናፍጭ ፍሬ የሚያህሉ፣ ተለቅ ሲሉም ምስር የሚያህሉ ቋጠሮዎች ታያላችሁ።

4. ቋጠሮውን በጣት ነካ አድርጉት። ከሥሩ ጎን ተለጥፎ በቀላሉ የሚላቀቅ ከሆነ የምንፈልገው እርሱ ነው። ሥሩ ራሱ አብጦ ከሆነና የማይላቀቅ ከሆነ ግን የትል በሽታ ሊሆን ይችላል፤ ለባለሙያ አሳዩት።

5. በጥፍራችሁ ሰንጥቁት። ቀይ ወይም ሮዝ ከሆነ እየሠራ ነው። ነጭ ከሆነ ወይ ገና ልጅ ነው ወይ ሥራ ፈት ነው። አረንጓዴ ወይም ቡናማ ከሆነ ሥራውን ጨርሶ ያረጀ ነው።

6. ያያችሁትን ጻፉት። ስንት እግር ባቄላ አያችሁ? በስንቱ ላይ ቋጠሮ አገኛችሁ? ስንቱ ቀይ ነበር? የማሳውን ስምና ቀኑንም ጨምሩ። በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ማሳ ላይ ስንዴ ስትዘሩ ወረቀቱን አውጥታችሁ ምርቱን አስተያዩት።

ከአምስቱ አራቱ ቀይ ከሆኑ መሬታችሁ ደህና ነው። ቋጠሮ ከጠፋ ወይም ሁሉም ነጭ ከሆነ ከላይ ከዘረዘርናቸው ከአምስቱ ምክንያቶች አንዱ ይኖራል። ኮምጥጦ እንደሆነ፣ ውሃ ተኝቶ እንደሆነ፣ ወይም ሌላ እንደሆነ መጠየቅ ይጀመራል። ወረቀታችሁን ይዛችሁ ለግብርና ባለሙያው ብታሳዩት እርሱም ከግምት ይድናል።

ሄልሪጌል በማሰሮ አሸዋ ያየውን እናንተ በሰፊ ማሳ ማየት ትችላላችሁ። እርሱም የጀመረው አንዱ አተር ለምልሞ ሌላው ሲደርቅ አይቶ “ለምን?” ብሎ ከመጠየቅ ነው። ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ ማሳና ዓይን ይበቃል። መልሱን መዝግቦ ለማቆየት ደግሞ እርሳስ አላችሁ።

ይህን ያነበበ፣ ገና ፊደል ላልጨረሰ ጎረቤቱ ያንብብለት። ልጆችም ቋጠሮውን ሲሰነጥቁ አብረው ይዩ።